ብስክሌቱን ስታሳዩን ልኩንም ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የተራራ ብስክሌት ያላቸው ሰዎች ብስክሌታቸውን አጥበው፣ እንጦጦ ላይ ከባሕር ዛፍ ሥር አቁመው ፎቶ እያነሱ፣ ከፎቶውም ሥር የዕቃውን ስም እየደረደሩ ማሳየት ወደዋል። ደስ ይላል፤ ዕቃውን የሚያሳይ ሰው ብዙውን ጊዜ ይንከባከበዋል። ቅር የሚለኝ የሚደረደረው የፋብሪካ ስም ብቻ መሆኑ ነው። «ሺማኖ ዲዮሬ፣ ሮክሾክስ፣ ማክሲስ» ተብሎ ያልቃል። ጎማው በስንት እንደተነፋ፣ የፊት ጥርሱ ስንት እንደሆነ፣ የኋላው ሞዞ (የጎማው እምብርት) ምን ዓይነት ካሴት (የኋላ ማርሽ ጥርሶች ስብስብ) እንደሚቀበል፣ ፍሬኑ የትኛውን ዘይት እንደሚፈልግ የሚጽፍ ጥቂት ነው። ያንን ፎቶ አይቶ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ላለ ዘመዱ «ይኼንኑ ላክልኝ» ለሚል ሰው ደግሞ ከስሙ ይልቅ የሚጠቅመው ልኩ ነው። ጋዜጣችሁ የብስክሌት ፎቶ ሲያወጣ ከሥሩ ልኩን የሚናገር ሁለት ሦስት መስመር እንዲጨምር እጠይቃለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ብዙ ገንዘብ የሚያስበላው የኋላ ሞዞ ነው። ባለ 12 ማርሽ የሆነው የሺማኖ 10-51 ካሴት ትልቁ ማርሽ 51፣ ትንሹ ደግሞ 10 ጥርስ ብቻ ስላለው የሚገባው ማይክሮ ስፕላይን በሚባለው ፍሪሃብ (ካሴቱ የሚሰካበት የሞዞው ክፍል) ላይ ብቻ ነው። በ10 ጥርስ የሚጀምረው፣ ስራም የተባለው ፋብሪካ የሚሠራው ካሴት ደግሞ ኤክስዲ የሚባለውን ይፈልጋል። ነባሩ ኤችጂ የተባለው ፍሪሃብ ከ11 ጥርስ በታች አይቀበልም፤ በአንጻሩ ባለ 8፣ ባለ 9ና ባለ 10 የተራራ ካሴቶችን ይሸከማል፤ ባለ 12 የሆነው የስራም ኤንኤክስ 11-50 እንኳ ይገባበታል። ከሻንጣ የወጣ አዲስ ካሴት ሞዞው ላይ አልገባ ብሎ መደርደሪያ ላይ የሚቀረው አንድ ቃል ባለመጻፉ ነው።

በርካሾቹ ብስክሌቶች ላይ ያለው ጭራሹን ካሴት አይደለም፤ ሞዞው ላይ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ ፍሪዊል ነው። በዚህ ዓይነቱ ሞዞ የቀኙ ኩሽኔታ ከፍሪዊሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ስለዚህ የዘንጉ ቀኝ ጫፍ ድጋፍ ሳያገኝ ረዝሞ ይቀራል፤ ድንጋይ ላይ ሲዘለልበት ይጎብጣል፣ ውሎ አድሮም ይሰበራል። ጎማው ወደ አንድ ጎን መወላገድ ከጀመረ ብዙ ሰው ራጂ ማጥበቅ ይጀምራል። አስቀድሞ ጎማውን አውጥቶ ዘንጉን በጣት ማሽከርከር ነው፤ ጫፉ ክብ እየሠራ ከዞረ ጎብጧል፣ ራጂ ቢጠብቅ አይድንም።

የዘንግ ልክም አለ። ነባሮቹ ሞዞዎች ስፋታቸው ከፊት 100 ከኋላ 135 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቡስት የሚባሉት 110 እና 148 ሲሆኑ የዘንጉ ውፍረት ከፊት 15 ከኋላ 12 ነው። በመሃል ከኋላ 142 አለ። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በግድ ተስቦ የገባበት ቴላዮ (የብስክሌቱ ዋና አካል) አቅጣጫውን ይስታል። የሴላ (የመቀመጫ) ቱቦም 27.2፣ 30.9 እና 31.6 አለው። 30.9ኙን 31.6 ቴላዮ ውስጥ ከተው እስኪበቃው ያጠበቁ ሰዎች ሴላው እየሰመጠ ያስቸግራቸዋል፤ ብሎኑን አብዝተው ከጨመሩ ደግሞ ቴላዮው ይሰነጠቃል። ልኩ ቱቦው ላይ ተመትቶ ስላለ ከፎቶው ሥር መገልበጥ ብቻ ነው።

ማርሽ ላይ የሚበዛው ስህተት ባለ 12 ሁልጊዜ ዳገት ያቀላል የሚለው ነው። እናስላው። ቀድሞ በብዛት የመጣው 26 ኢንች ብስክሌት ከፊት 42፣ 32፣ 22 ጥርስ፣ ከኋላ 11-34 ካሴት አለው። የ2.1 ጎማው አንድ ዙር 2.07 ሜትር ያህል ይሄዳል። በቀላሉ ማርሽ 22 ለ34 ሲካፈልና በጎማው ዙር ሲባዛ በአንድ የፔዳል ዙር 1.34 ሜትር ይሆናል። አሁን የሚደነቀው 29 ኢንች ከፊት አንድ ባለ 32፣ ከኋላ 10-51 ሲሆን የጎማው ዙር 2.3 ሜትር ነው፤ በአንድ የፔዳል ዙር 1.44 ሜትር ይሄዳል። ማለትም አሮጌው ዳገት ላይ ይቀላል። በከባዱ ማርሽም አሮጌው 7.9 ሜትር፣ አዲሱ 7.4 ሜትር ስለሚሄዱ ሜዳ ላይም አይበለጥም። የአዲሱ ትርፍ ሌላ ቦታ ነው፦ ከፊት የሚቀየር ማርሽ ስለሌለው የሚበላሸው ዕቃ ያንሳል፣ ካቴናው ኮረኮንች ላይ በቀላሉ አይወልቅም፣ ማርሹንም አንድ እጅ ብቻውን ይቀይረዋል። የእኛ አገር ዳገት ግን ከባሕር ወለል አጠገብ እንዳለው አይደለም። እንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሲሶ ገደማ ያንሳል። ባለ 32 የፊት ጥርስ ያለው ሰው በ30 ቢቀይረው 1.35 ሜትር ላይ ይደርሳል፣ በ28 ደግሞ 1.26። ዋጋውም ከካሴት ጋር አይወዳደርም። ከፎቶው ሥር የፊት ጥርሱ ቁጥር ይጻፍ የምለው ለዚህ ነው።

የጎማ ንፋስ ነገር ከሁሉም ይናቃል። ለ70 ኪሎ ነጂ 2.25 ጎማ ከነካላማዳሪው ፊት 26፣ ኋላ 28 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው፤ ቱብለስ (ያለ ካላማዳሪ የሚነፋ) ከሆነ ከ4 እስከ 5 ይቀነስለታል። ጎሚስታ ቤት ያለው መለኪያ ለመኪና ጎማ የተሠራ ስለሆነ እዚህ ታች ላይ በ4 ወይም በ5 ሊስት ይችላል፤ ያ ለብስክሌት ትልቅ ስህተት ነው። ኮምፕረሰሩም ይህን ትንሽ ጎማ በሴኮንዶች ውስጥ ከልክ ያሳልፈውና ጎማው ከቸርኬው ላይ ይፈነዳል። ፕሬስታ የሚባለው ቀጭን ቫልቭ ያለው ብስክሌት ደግሞ ያለ ማገናኛ እዚያ አይነፋም፤ ማገናኛዋ ትንሽ የነሐስ ቁራጭ ስለሆነች ሴላ ሥር ባለው ቦርሳ አትጥፋ።

ካላማዳሪው ሲተነፍስ ቀዳዳውን ማየት ይገባል። ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ስንጥቆች ካሉበት ንፋሱ አንሶ ድንጋይና ቸርኬው መሃል ገብቶ ተቆንጥጧል፤ መለጠፍ ብቻ ሳይሆን 3 ፒኤስአይ መጨመር ነው። አንድ ነጥብ ከሆነ እሾህ ነው፤ ጎማውን ከውስጥ በጨርቅ ሳይዳብሱ አዲስ ካላማዳሪ ማግባት ያንኑ እሾህ ደግሞ ማስወጋት ነው። ለግራር እሾህ አገር ቱብለሱ ይሻላል፤ በአንድ ጎማ ከ80 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ማሸጊያ ፈሳሽ ይበቃዋል። በበጋ ግን በሁለት ሦስት ወር ስለሚደርቅ መጨመሩን የረሳ ሰው ቱብለስ አለኝ ባይል ይሻለዋል።

ከፍታ ሌላም ነገር ያመጣል። ከባሕር ወለል አጠገብ ተነፍቶ አዲስ አበባ የደረሰ ጎማ፣ ማንም ሳይነካው፣ መለኪያው ላይ 3.5 ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ይነበባል፤ የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ ነው። ለጎማው ቀላል ነው፣ ይተነፈሳል። ለፎርኩ (የፊት ጎማውን ለሚይዘው፣ ንረትን ለሚያበርደው ሹካ) ግን በታችኞቹ እግሮች ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ የለውም። ውጭ አገር ተገጣጥሞ የመጣ ፎርክ እዚህ ሲደርስ ደርቆ፣ የመጨረሻውን ሩብ አልወርድ የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ወስዶ፣ ጫፉን አለስልሶ፣ በአቧራ መከላከያው ጎማና በሚያብረቀርቀው ቱቦ መሃል በቀስታ ማስገባት ነው፤ ፍስስ ብሎ ይወጣል። ካቻቢቴ እንዳይሞከር፤ ቱቦውን አንዴ ከጫረው ዘይት ማንጠባጠቡ አይቆምም። አንዳንዶቹ የፎክስ ፎርኮች ለዚሁ የሚጫን ቁልፍ ከኋላ አላቸው።

ፎርክ የሚለካው በሳግ ነው፤ ማለትም ነጂው ሲወጣበት ብቻ የሚሰምጠው ልክ። 120 ሚሊ ሜትር ለሚወርድ ፎርክ ከ18 እስከ 24 ይበቃል። መቆለፊያው ይከፈታል፣ ቱቦው ላይ ያለችው የጎማ ቀለበት እስከ ታች ትገፋለች፣ ነጂው ከነቦርሳውና ከነውሃው ግድግዳ ይዞ ፔዳሉ ላይ ይቆማል፣ ሳይነጥር ይወርዳል፤ ቀለበቷ የሄደችው ይለካል። በአየር ለሚሠራ ፎርክ ከ24 ካለፈ 5 ፒኤስአይ ይጨመራል፣ ከ18 ካነሰ 5 ይቀነሳል። ርካሽ የሽቦ ፎርክ ላይ ከላይ ያለው ጉጥ ደግሞ ሽቦውን አያጠነክርም፤ መነሻውን ብቻ ይጭናል። ለከባድ ሰው ሽቦው ካልተቀየረ ጉጡን ማጥበቅ ለውጥ አያመጣም። እንዲህ ያለ ከ2 ኪሎ በላይ የሚመዝን ፎርክ ይዞ በቀላል የካርቦን መሪ የሚመካ ሰው ገንዘቡን የት እንዳዋለው እንጃ።

አሁን ወደ ፍሬን፤ ቀልድ የሌለበት ቦታ። ነጂና ብስክሌት አንድ ላይ 85 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ከእንጦጦ አናት 600 ሜትር ቁልቁል ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት አዲስ አበባ ላይ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረውን ሁለት ስስ ዲስኮች ይሸከማሉ። ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በካሊፎርኒያ ማሪን ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረው የቁልቁለት ውድድር ሪፓክ («እንደገና መሙላት») የተባለው፣ በእግር የሚያዘው የኋላ ፍሬን ግራሶው በአንድ ቁልቁለት ተቃጥሎ ስለሚያልቅ በየጊዜው እንደገና መሞላት ስለነበረበት ነው። ዛሬም ፍሬኑን ሳይለቅ ይዞ የሚወርድ ሰው ሸራውን ያቃጥላል፤ ጠንከር አድርጎ ይዞ፣ ለቆ፣ ደግሞ መያዝ ነው። ከፊት 180 ሚሊ ሜትር ዲስክ ለእኛ ቁልቁለት ቅንጦት አይደለም። የሺማኖ ዲስክ አዲስ ሲሆን 1.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ 1.5 ሲደርስ ይጣላል፤ ሸራውም ከብረቱ በላይ 0.5 ሲቀረው ይቀየራል። ርካሾቹ ዲስኮች ላይ ለሬዚን ሸራ ብቻ እንደሆኑ ተጽፎባቸዋል፤ የብረት ሸራ ከገጠሙባቸው በጥቂት ወር ይበሏቸዋል።

የዘይቱ ነገር ደግሞ የሚያስለቅስ ነው። የሺማኖ ፍሬን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው። መኪና ዕቃ መሸጫ ያለው ዶት 3 ወይም ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ከገባበት በውስጡ ያሉት ጎማዎች ያብጣሉ፤ እጀታው ሲለቀቅ አይመለስም፣ ሸራው ዲስኩን ነክሶ ይቀራል። አጥቦ ማዳን የለም፤ እጀታውም መያዣውም ይጣላሉ። የስራም ፍሬኖች አብዛኞቹ ዶት 4 ወይም 5.1 ይቀበላሉ፤ እንደ ዲቢ8 እና ሜቨን ያሉት ግን የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ስለሆነ ለየትኛውም አይሆንም። የዘይቱ ዓይነት እጀታው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ብስክሌት በአውሮፕላን የሚልክ ሰውም ጎማውን ሲያወጣ በሸራዎቹ መሃል የታጠፈ ካርቶን ያግባ፤ ዲስክ ሳይኖር እጀታው ከተጨበጠ ሸራዎቹ ተገናኝተው ይጣበቃሉ።

ካቴናውን በአጭሩ፦ ከአንዱ ፒን መሃል ጀምሮ፣ መነሻውን ሳይቆጥሩ፣ እስከ 24ኛው ፒን መሃል ድረስ ሲለካ አዲስ ከሆነ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 11 እና ባለ 12 ላይ 306.3 ሲደርስ፣ ከዚያ በታች ላሉት 307 ሲደርስ ይቀየራል። ከዚያ ካለፈ ካሴቱን ይዞ ይሄዳል፤ አዲስ ካቴና በተበላ ካሴት ላይ ሲገባም ዳገት ላይ እየዘለለ ያስቸግራል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በብረት ብናኝ መሞረድ ነው። ላቫጆ ወስዶ በኃይለኛ ውሃ ማስመታትም ግራሶውን ከኩሽኔታ ውስጥ ያወጣዋል፤ ባልዲና ብሩሽ ይበቃል።

እንግዲህ ከፎቶው ሥር ቢጻፍ የምለው ይህን ያህል ነው፦ «ቸርኬ 29፤ ጎማ 2.25 ከነካላማዳሪው፣ ፊት 26 ኋላ 28 ፒኤስአይ፣ ነጂው 70 ኪሎ። ፊት 30 ጥርስ፣ ኋላ 10-51፣ ማይክሮ ስፕላይን፣ ሞዞ 12 በ148። ፎርክ 120፣ ሳግ 22። ዲስክ 180 እና 160፣ ማዕድን ዘይት። የሴላ ቱቦ 30.9።» ከአምስት መስመር አይበልጥም። ፎቶውም ከካቴናው ወገን ይነሳ፤ ካቴናው ከኋላ መካከለኛው ጥርስ ላይ፣ የቀኙ ፔዳል ወደ ፊት ሆኖ። ከግራ በኩል የተነሳ ፎቶ ማርሽ ቀያሪውን ይሸፍናል፣ የካቴናውንም ርዝመት መገመት አያስችልም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የብስክሌት ጥገና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ