15ቱ ቀን አይነካ

ክቡር አዘጋጅ፣

በኒውዮርክ ግዛት እስረኛን ለብቻው ነጥሎ መዝጋትን የሚገድበው ሕግ ይሻር የሚለው ግፊት ስላልበረደ ይህን እጽፋለሁ። የምኖረው ቡፋሎ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 የጠባቂዎች አድማ ከጀመረባቸው ማረሚያ ቤቶች አንዱ ኮሊንስ ከእኛ በስተደቡብ ይገኛል። ሦስት ሳምንት ያህል በቆየው አድማ ከ2,000 በላይ ጠባቂዎች ተሰናብተዋል። ከጥያቄዎቻቸው አንዱም ይኸው ሕግ እንዲሻር ነበር።

የጠባቂዎቹን ምሬት አላቃልልም። በሰው እጥረት ፈረቃ በፈረቃ ላይ እየደረቡ ይሠራሉ። ይህን የሚፈታው ግን ቅጥርና ደመወዝ ነው። ደግሞም ሕጉ አደገኛን እስረኛ መለየት መቼ ከለከለ? በ2021 ጸድቆ በ2022 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የሚለው፣ ከ15 ተከታታይ ቀናት በላይ አትዝጉበት፤ ከዚያ ወዲያም ከሌሎች ተለይቶ መቆየት ካለበት በቀን ቢያንስ ሰባት ሰዓት ከክፍሉ ይውጣ ነው። ነፍሰ ጡሮችን፣ ዕድሜያቸው 22 ያልሞላ ወጣቶችንና 55 የሞላቸውን ሰዎች ደግሞ ለብቻ ነጥሎ መዝጋትን ጨርሶ ይከለክላል። 15 ቀንም ከሜዳ የተነሳ ቁጥር አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ያጸደቀው፣ በኔልሰን ማንዴላ ስም የተሰየመው ደንብ ያሰመረው ወሰን ነው።

የጎረቤቴ ልጅ፣ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት፣ እስረኞቹ «ሳጥን» በሚሉት ክፍል አሥራ አንድ ወር ተዘግቶበታል፤ በቀን 23 ሰዓት። የተፈታ ዕለት እናቱ ዶሮ ሠርታ ጎረቤት ጠራች። ልጁ ወደ መሶቡ መቅረብ አቃተው። ድርሻውን በሳህን ይዞ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ እንደቆመ በጥድፊያ በላ። እጁን ሊታጠብ ሲሄድ ደግሞ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። በሩ አልተቆለፈም። ሰው እስኪከፍትለት ነበር የሚጠብቀው። እናቱ ተነሥታ ከፈተችለት፤ ከመካከላችን ቃል የተነፈሰ አልነበረም።

ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አይከብድም። በ2010 ዓ.ም. እስከተዘጋበት ጊዜ ድረስ ማዕከላዊ ውስጥ «ጨለማ ቤት» ይባል የነበረውን ያልሰማ ጥቂት ነው።

በዚህ ግዛት የምትኖሩና የመምረጥ መብት ያላችሁ ወገኖቼ፣ የወከሏችሁን የምክር ቤት አባላት በዚህ ጉዳይ አቋማቸውን ጠይቋቸው። እኔ ባለፈው ሳምንት ለወረዳችን ተወካይ ጽፌያለሁ። እናትየው በአማርኛ የነገረችኝንም ከፈቃዷ ጋር ተርጉሜ አያይዤዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቡፋሎ ነዋሪ