ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ካሴቶቹና ስለምትገዢው ዕቃ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። የቪዲዮ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒዩተር ስለ መገልበጥ በስልክ ላነሳሽው ጥያቄ በጽሑፍ መመለስ የፈለግሁት፣ የዕቃ ስምና ቁጥር በስልክ ሲነገር ስለሚረሳና ገበያ ስትወጪ ወረቀቱን ይዘሽ እንድትሄጂ ብዬ ነው።

ያየሽው ባለ ዩኤስቢ ካፕቸር፣ ማለትም ምስሉን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባው ትንሽ መሣሪያ፣ ርካሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ሐሳብሽን ሁሉ እሱ ላይ አታድርጊ። ምስሉን ከካሴቱ ላይ የሚያነሳው ዴኩ፣ ማለትም የካሴት ማጫወቻው ነው፤ ዴኩ አጥርቶ ያላነሳውን ደግሞ ከኋላ የሚቀጠል መሣሪያ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህ ከምታወጪው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ ለማጫወቻው ይሁን።

ዕቃ ከመምረጣችን በፊት ካሴቶቹን ለሁለት መክፈል ይኖርብናል። እዚህ የተቀረጹት፣ ማለትም የእኔና የእናትሽ ሰርግ፣ የአንቺ ክርስትናና የእህትሽ ምርቃት፣ ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀረጹ በመሆናቸው 625 መስመርና በሰከንድ 25 ምስል አላቸው። አጎትሽ ከዋሽንግተን የላካቸው ግን አሜሪካ በምትጠቀምበት በኤንቲኤስሲ ስለተቀረጹ 525 መስመርና በሰከንድ 30 የሚጠጋ ምስል አላቸው። አንቺ እዚያ አሜሪካ ከአሮጌ ዕቃ መደብር የምታገኚው ተራ ዴክ የእኛን ካሴቶች በትክክል አያጫውትም። እኛ ቤት ያለው ከጅዳ የመጣው ባለ ብዙ ሲስተም ዴክ ሁለቱንም ቴሌቪዥን ላይ ስለሚያሳይ «ሁሉንም በእሱ እንጨርስ» ማለትሽም ይገባኛል። ሆኖም እንዲህ ያሉ ዴኮች የአሜሪካውን ካሴት ብዙውን ጊዜ የሚያወጡት፣ የፓል ቴሌቪዥን እንዲቀበለው ተብሎ ከሁለቱ ሥርዓቶች በተቀላቀለ ሲግናል ነው። ቴሌቪዥኑ ይህን ይታገሣል፤ ካፕቸሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን ያጠፋዋል ወይም ጭራሹን አልቀበልም ይላል። ስለዚህ የእኛዎቹን እኔ እዚሁ እገለብጣለሁ፤ የአጎትሽን ደግሞ ለገና ስትመጪ ይዘሽ ትመለሽና እዚያው ባገሩ ዴክ ትሠሪዋለሽ። በዚህም ባለ 110 ቮልት ዕቃ አምጥቶ ትራንስፎርመር ከመፈለግ እንድናለን።

አዲስ ዴክ ፈልገሽ አትድከሚ። የመጨረሻው አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ሥራውን ያቆመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚሸጠው ወይ ያገለገለ ነው፣ ወይ ከመጋዘን የተረፈ። የምትፈልጊው ጄቪሲ ወይም ፓናሶኒክ የሠራው፣ የኤስ-ቪዲዮ መውጫና በውስጡ ቲቢሲ የተባለ ማስተካከያ ያለው የኤስ-ቪኤችኤስ፣ ማለትም ከተራው የቪኤችኤስ ካሴት ማጫወቻ የተሻለው ዓይነት ዴክ ነው። ኤስ-ቪዲዮ ብርሃኑንና ቀለሙን በተለያየ ሽቦ ስለሚያወጣ፣ ሁለቱን ቀላቅሎ ከሚያወጣው ከቢጫው ገመድ የጠራ ምስል ይሰጣል። የቲቢሲው ጥቅም ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። ካሴት ከዓመታት ብዛት ይለጠጣል፣ የዴኩም ሞተር ፍጹም እኩል አይዞርም፤ በዚህ የተነሣ እያንዳንዱ መስመር ትንሽ ቀድሞ ወይም ትንሽ ዘግይቶ ስለሚደርስ ቀጥ ያለው የበር መቃን ሲወዛወዝ ይታያል። ቲቢሲው መስመሮቹን ተቀብሎ ለቅጽበት ያቆያቸውና በእኩል ጊዜ ይለቃቸዋል። ካሴቱ በጣም ከተጎዳ ግን ይህም ላይበቃ ይችላል፤ ካፕቸሩ ምስል እየዘለለ ይሄድና በመጨረሻ ድምፁ ከከንፈር ጋር አልገጥም ይላል። ለዚህ የሚሆነው ትልቁ ቲቢሲ ዋጋው የማይቀመስ ስለሆነ፣ ብዙ ሰዎች ዲኤምአር-ኢኤስ10 ወይም ኢኤስ15 የተባለውን አሮጌ የፓናሶኒክ ዲቪዲ መቅጃ በዴኩና በካፕቸሩ መካከል አስገብተው ሲግናሉን ብቻ ያሳልፉበታል፤ ካገኘሽ ግዢው።

ካፕቸሩን በተመለከተ ሃውፓጅ ዩኤስቢ-ላይቭ2 ወይም አይ-ኦ ዳታ ጂቪ-ዩኤስቢ2 ይበቃናል፤ ሁለቱም ፓልንም ኤንቲኤስሲንም ይቀበላሉ። ኢዚካፕ ተብለው ከሚሸጡት ራቂ፤ በመልክ አንድ ሆነው ውስጣቸው የተለያየ ስለሆነ የምትገዢውን አታውቂም። ምስሉን ወደ ኤችዲኤምአይ ለውጦ 1080 ያደርጋል ለሚለው ትንሽ ሣጥንም ገንዘብ አታውጪ። ቪኤችኤስ ከግራ ወደ ቀኝ ሲቆጠር ከ240 መስመር ያልበለጠ ዝርዝር ነው የሚይዘው (ከላይ ያልኩሽ 625ና 525 ከላይ ወደ ታች የሚቆጠር ነው)፤ ሣጥኑ የሌለውን ሊጨምር ይቅርና ያለውንም ያበላሸዋል።

የአጎትሽ ትንንሾቹ ካሴቶች ሃይ8 ስለሆኑ መንገዳቸው ሌላ ነው። ሶኒ እንደ አውሮፓውያን በ1999 ያወጣቸው ዲጂታል8 ካሜራዎች፣ ሁሉም ባይሆኑም ብዙዎቹ፣ የቀድሞውን ሃይ8 ያጫውታሉ፤ ሲያጫውቱም ምስሉን ራሳቸው ወደ ዲጂታል ለውጠው ፋየርዋየር በተባለው፣ ዲጂታል ምስልን ወደ ኮምፒዩተር በሚያስተላልፈው ገመድ ስለሚያወጡት ካፕቸርም አያስፈልግም። ሻጩን ሃይ8 ካሴት ከትቶ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። በካሜራው ጎን ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ግን አያታልልሽ፤ በእሱ የሚወጣው የደከመ ምስል ነው። አፕል እንደ አውሮፓውያን በ2025 ባወጣው ማክኦኤስ 26 በተባለው የማክ ኮምፒዩተር ሥርዓት ፋየርዋየርን ጨርሶ ስለተወው፣ ያንቺ አዲሱ የማክ ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የፋየርዋየር ካርድ የሚገባበት አሮጌ ባለ ዊንዶውስ ዴስክቶፕ ርካሹና አስተማማኙ መፍትሔ ነው።

የሰርጋችን ካሴት ቤታችን ያለው የቅጂ ቅጂ ነው፤ ቪኤችኤስ ደግሞ በተገለበጠ ቁጥር እየደበዘዘ ይሄዳል። አክስትሽ ድሬዳዋ ያስቀመጠችው ከካሜራ ማኑ በቀጥታ የወሰደችው ስለሆነ እንድትልክልኝ ነግሬያታለሁ። ምናልባት የእሷ ላይ የሽማግሌዎቹ ምርቃት በዘፈን ሳይሸፈን ይገኝ ይሆናል፤ የኛው ላይ ካሜራ ማኑ ዘፈኑን ጨምሮበት፣ የልብ ቅርጽ አስገብቶበት፣ አያትሽ ሲመርቁ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።

ለማስቀመጫ ባለ 4 ቴራባይት ሁለት ዲስኮች ግዢ፤ አንዱ ካንቺ ጋር፣ ሌላው እኔ ዘንድ ይሆናል። በፋየርዋየር የሚመጣው በሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ከቪኤችኤስ ያለ ጥራት ኪሳራ የምናስቀምጠው ግን በሰዓት 30 ጊጋባይት ስለሚደርስ፣ አንድ የሦስት ሰዓት ካሴት ወደ 90 ጊጋባይት ይደርሳል። ለዘመድ የምንልከውን ትንሹን ፋይል ከዚህ እናወጣለን እንጂ ዋናውን ጥራቱን በሚቀንስ መንገድ አንጨምቀውም።

ማንኛውንም ቪኤችኤስ ካሴት ወደ ዴክ ከመክተትሽ በፊት በጀርባው ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ስበሪያት፤ እሷ ከሌለች በላዩ ላይ በስሕተት መቅረጽ አይቻልም። በመስኮቱ በኩል ነጭ ሻጋታ ያየሽበትን ካሴት ደግሞ በጭራሽ አትክተቺው፤ ሻጋታው የዴኩን ሄድ (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) አበላሽቶ ወደሌሎቹ ካሴቶች ይዛመታል። እንደዚያ ያለውን ለብቻው አስቀምጪልኝ።

ለዴኩ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት የጀርባውን ፎቶ ላኪልኝ፤ የኤስ-ቪዲዮ መውጫ መኖሩን አይቼ እነግርሻለሁ። የፋየርዋየር ገመዱም በካሜራው በኩል ባለ 4፣ በካርዱ በኩል ባለ 6 እግር መሆኑን አረጋግጪ።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ።

አባትሽ