የሴፍቲኔት ክፍያ በመዘግየቱ በጤናችንና በሥራችን ላይ ስለደረሰው ጉዳት የቀረበ ቅሬታ

የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሐዋሳ

ለባንኩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ የታኅሣሥ ወር ክፍያችን በቅርንጫፋችሁ ስለመዘግየቱ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

እኔ በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በታቦር ክፍለ ከተማ በአካባቢ ልማት ሥራ የተሰማራ፣ 32 አባላት ያሉት ቡድን መሪ ነኝ። መንገድ እንጠርጋለን፣ የውኃ መውረጃ ቦይ እናጸዳለን፣ ችግኝ እንተክላለን። እያንዳንዱ አባል ሥራ የገባበትንና የቀረበትን ቀን በመቆጣጠሪያ ቅጽ የምመዘግበው እኔ ስለሆንሁ፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናት ከዚሁ ቅጽ የተወሰዱ ናቸው።

የታኅሣሥ ወር የክፍያ ዝርዝር ከፕሮግራሙ ጽሕፈት ቤት ተፈርሞ ለቅርንጫፋችሁ የደረሰው በጥር ወር የመጀመሪያ ሳምንት ነበር። ጥር 14 ቀን ገንዘባችንን ልናወጣ ስንመጣ የ23ታችን ገብቶ፣ የዘጠኙ አባላት ግን አለመግባቱን ተረዳን። ለዚህ የተሰጠን ምክንያት ሲስተም የለም የሚል ብቻ ነበር። ጥር 19፣ ጥር 22 እና ጥር 29 ተመልሰን መጣን፤ በመጨረሻው ቀን አንድ ወጣት ሠራተኛችሁ ከመስኮቱ ወጥቶ ዝርዝሩን ከእኛው ጋር ሲያመሳክር፣ በዝርዝሩ ላይ ያለው ስምና በፋይዳ መታወቂያው ላይ ያለው ስም በላቲን ፊደል አጻጻፍ እንደሚለያዩ አገኘ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት መንገድ መጻፍ እንደሚቻል በዚህች አገር የማያውቅ የባንክ ሠራተኛ ይኖራል ብዬ አላምንም። ስህተቱ እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ለአንድም አባል ስልክ አልተደወለም፤ ዝርዝሩም እንዲታረም ወደ ጽሕፈት ቤቱ አልተመለሰም። ገንዘቡ የገባው የካቲት 17 ቀን ነው። ያን ወጣት ሠራተኛ በዚህ አጋጣሚ ከልብ አመሰግናለሁ።

ቅሬታዬን በጽሑፍ እንዳቀርብ ያስገደደኝ ግን የቀናቱ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ የሆነው ነገር ነው። ከዘጠኙ አባላት አንዷ የደም ግፊት ሕመምተኛ ስትሆን፣ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ታቅፋ ላለፉት ስድስት ዓመታት መድኃኒቷን በየወሩ ከጤና ጣቢያ ስትወስድ ቆይታለች። የመድኑ ዓመታዊ እድሳት የሚያበቃው ጥር 30 ቀን ነበር፤ መዋጮውን ልትከፍል ያሰበችው ከዚሁ ከታኅሣሥ ክፍያ ነው። መክፈል ለማይችሉ ነዋሪዎች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንላቸው ቢሆንም፣ እሷ እየሠራች የምትከፈል በመሆኗ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ አይደለችም። ከጎረቤት እንዳትበደር፣ በሰፈሩ ሱቅ የነበረባት ዱቤ ራሱ አልተከፈለም። የመድን መታወቂያዋ ሳይታደስ ጊዜው አለፈ፤ እጇ ላይ የቀረውን ኪኒን እንዲበቃት ብላ አንድ ቀን እየዘለለች ትውጥ እንደነበር የነገረችን ከታመመች በኋላ ነው።

የካቲት 6 ቀን ጠዋት ቦይ እያጸዳን ሳለ ራሷን ስታ ወደቀች። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ስናደርሳት ግፊቷ 190 በ110 ነበር። ሐኪሙ ዕረፍት ስላዘዘላት 11 የሥራ ቀናት አልፈዋታል፤ በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ የምትሠራው ልጇም እናቷን ለማስታመም አራት ቀን ከሥራ ቀርታ የወሩን ያለመቅረት አበል አጥታለች። ሞት ወይም የግማሽ ጎን ሽባነት አለመከተሉ እግዚአብሔርን የማመሰግንበት ጉዳይ ነው፤ ይሁን እንጂ ቅርንጫፉ ጥር 14 ቀን አንድ ስልክ ቢደውል ኖሮ እዚህ ላይ አንደርስም ነበር ብዬ ለመናገር አላመነታም።

ሴፍቲኔቱንና የጤና መድኑን የሚመሩት ሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ በቤታችን ግን አንድ ናቸው። የቀን ክፍያው መዋጮውን ይከፍላል፣ መዋጮው መድኃኒቱን ያስገኛል፣ መድኃኒቱ ደግሞ ነገ አካፋ ይዞ ለመውጣት የሚያስችለው ጉልበት ነው። ይህ የከተማ ፕሮግራም በመንግሥትና በዓለም ባንክ ገንዘብ ሐዋሳን ጨምሮ በ11 ከተሞች በ2009 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ክፍያው በእጅ ሳይሆን በባንክ እንዲሆንና እያንዳንዱ ተጠቃሚ ከሚያገኘው 20 በመቶ እንዲቆጥብ የተደረገው፣ ቆይታችን ሲያበቃ በራሳችን ሥራ እንድንቆም ታስቦ ነው። የመቆያ ጊዜያችን የተወሰነ ነው። ስለዚህ በወረፋና በሕመም የጠፋብን የሥራ ቀን ከክፍያችን ብቻ ሳይሆን ከቁጠባችንም የሚቀነስ ነው፤ ለባንክ ስንል ከሥራ የቀረንበትን ቀን በቅጹ ላይ «ቀሪ» ብዬ የምጽፈው እኔው ራሴ ስለሆንሁ የዚህን ክብደት አውቀዋለሁ። ለዘጠኙ አባላት በእነዚህ አራት ምልልሶች 36 የሥራ ቀናት «ቀሪ» ተብለው ተመዝግበዋል።

መሥራት የማይችሉት የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች የደረሰባቸው ደግሞ ይብሳል። በሰፈራችን ያሉ አንድ ማየት የተሳናቸው አዛውንት ልጃቸው እንድታወጣላቸው የውልና ማስረጃ ውክልና ካላመጡ አይቻልም ስለተባሉ፣ የባጃጅ እየከፈሉ ራሳቸው ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ወረፋው ሲረዝም ከመስኮቱ ጀርባ «ለእርዳታ ገንዘብ ምን ያስቸኩላል» የሚል ቃል ሰምተናል። ይህን ቃል ሳልጠቅሰው ባልፍ እወድ ነበር፤ ነገር ግን ለመዘግየቱ መነሻው ይህ አስተሳሰብ ይመስለኛል። የመምህራን ደመወዝ በፊደል ስህተት ቢቆም በዚያው ዕለት ስልክ ይደወል ነበር። የእኛም ክፍያ ፀሐይ ላይ ቆመን የሠራንበት፣ ፈርመን የምንቀበለው ነው።

በመሆኑም የክፍያ ዝርዝር ደርሷችሁ ያልገባ ስም በተገኘ ቁጥር በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ለባለ ሒሳቡና ለጽሕፈት ቤቱ እንድታሳውቁ፣ በክፍያ ሳምንት ከሰዓት በኋላ የሚሠራ አንድ ተጨማሪ መስኮት እንድትከፍቱና ለቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚዎች ከቤት መውጣትን የማይጠይቅ አሠራር እንድታመቻቹ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ክፍያው የዘገየው በቅርንጫፉ ምክንያት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ለዘጠኙም አባላት መጻፍ ነው፤ ምክንያቱም ይህ ደብዳቤ ካለ ታማሚዋ የመድን እድሳቷ ዘግይቶም ቢሆን እንዲታይላት ማመልከት፣ እኔም 36ቱ ቀናት እንዲስተካከሉ መጠየቅ እችላለሁ። በእጇ ያለው መድኃኒት የሚያልቀው መጋቢት 6 ቀን ስለሆነ፣ ደብዳቤው ከዚያ በፊት እንዲደርሰን እለምናለሁ።

ከሰላምታ ጋር

የቡድኑ መሪ
(ስም፣ ፊርማና የዘጠኙ አባላት ዝርዝር በዋናው ላይ ተያይዟል)

ግልባጭ፦
ለክፍለ ከተማው የሴፍቲኔት ጽሕፈት ቤት