በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ምልክት

ልጄ፣

እሑድ «እማዬ፣ ለዚያች ዕጩ ድምፅሽን ከሰጠሽ የሕፃናቱ ደም ባንቺ ላይ ነው» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽብኝ። በስልክ ስንሆን መጯጯህ ይቀናናልና መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው።

ማስወረድ ኃጢአት መሆኑን የተማርሽው ከእኔ ነው፤ አሁንም ቃሌን አላጠፍኩም። ግን ሕጉ በ1997 ዓ.ም. ሳይሻሻል፣ ጎንደር አዋላጅ ነርስ ሳለሁ፣ በውድቅት ሌሊት ይመጡ የነበሩትን ልጃገረዶች አንቺ አላየሻቸውም። ትኩሳት እያነደዳቸው «ውሃ ስቀዳ ወድቄ ነው» ይሉናል። እኛም እያወቅን «ወድቃ» ብለን እንጽፋለን። አንዷ ካንቺ ታንስ ነበር፤ ሳይነጋ አለፈች። ክልከላው ፅንሱንም እሷንም አላተረፈም።

እና በ2024 እ.ኤ.አ. እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ፅንስ ማቋረጥን ሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንደ መብት ለማስፈር በምርጫ ወረቀቱ ላይ ለሕዝብ ድምፅ የቀረበውን አንደኛውን ጥያቄ ተቃወምኩ። እነዚያን ልጆች ወህኒ መላክ አልወድም፤ መብት ብሎ መጥራቱንም ልቤ አልተቀበለውም። በዚያው ወረቀት ላይ ግን ጥያቄውን ለምትደግፈው ዕጩ ምልክት አደረግሁ። (ጥያቄው ከሦስት አራተኛ በላይ ድምፅ አግኝቶ አለፈ፤ የእኔ ተቃውሞ የፈየደው ነገር የለም።)

ለምን ትይኛለሽ። ስለ ፅንስ አንጀት በሚበላ ቃል የሚናገረው ያኛው ወገን፣ የሞት ቅጣት ሲነሳ ድምፁ ይለወጣል። ኮቪድ ቤት በዘጋብን ጊዜ፣ ከጁላይ 2020 እስከ ጃንዋሪ 2021፣ የፌዴራል መንግሥቱ ኢንዲያና ውስጥ ቴሬ ሆት በሚገኘው እስር ቤት 13 ሰው ገደለ። ያኔ አንቺም እኔም ምንም አላልንም። ሜሪላንድም በ2013 እስክትሽረው ድረስ ይህ ቅጣት ነበራት። ኪርክ ብለድስወርዝ የሚባል ሰው እዚሁ በ1985 ሞት ተፈረደበት፤ በ1993 የዲ ኤን ኤ ምርመራ ንጹሕነቱን አሳይቶ ወጣ። እናቱ ነፃ ሲወጣ ሳታየው ሞተች። እኔን የሚያንገበግበኝ እሷ ናት።

ለፅንሱም ለሞት ፍርደኛውም ነፍስ የሚሳሳ ዕጩ ፈለግሁ፤ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ከነበሩት አንዷን መረጥኩ እንጂ ያለችውን ሁሉ አሜን አላልኩም። ተሳስቼ ይሆናል፤ ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ።

ቅዳሜ ነይ፤ ምስሩን እሠራለሁ። ስትመጪ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪኝ፣ ስልክ ግን አትዝጊብኝ።

እናትሽ