ማዘርቦርዱስ? ስለ ኮምፒውተር ማስታወቂያዎችና ጨረታዎች

ክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ላይ የሚወጡትን የኮምፒውተር ሽያጭ ማስታወቂያዎችና የጨረታ ጥሪዎች አዘውትሬ አነባለሁ። ሥራዬ ጥገና ስለሆነ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው እዚያ ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ናቸው። «ኮር አይ 5፣ 8 ጂቢ ራም፣ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ፣ ስላይትሊ ዩዝድ።» አለቀ። ይሄ ሁሉ የተሰካበት ዋና ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ ምን እንደሆነ የሚጽፍ የለም። ገዢውም አይጠይቅም።

ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ ነው። «ኮር አይ 5» የሚለው የኢንቴል ኩባንያ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ስም በፈረንጆች ከ2009 ጀምሮ ገበያ ላይ አለ። በ2011 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ኤልጂኤ 1155 የሚባል ሶኬት፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ያለ የፕሮሰሰር መቀመጫ፣ ላይ ይቀመጣል፤ ራሙ (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) ዲዲአር 3 የሚባለው ዓይነት ነው። አሥራ ሁለተኛው ትውልድ ሶኬቱ ኤልጂኤ 1700 ነው፤ ራሙም እንደ ቦርዱ ዲዲአር 4 ወይ ዲዲአር 5 ይሆናል። በሁለቱ መካከል አሥር ዓመት ገደማ አለ። ማስታወቂያው ላይ ግን ሁለቱም ያው «ኮር አይ 5» ናቸው።

በብዛት የማየው የራም ጉዳይ ነው። ሰውየው ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ሆኖበት ራም ልጨምር ብሎ ደህና ዲዲአር 4 ገዝቶ ይመጣል። ከፍቼ ሳየው ቦርዱ የዲዲአር 3 ነው። ዲዲአር 3 ከታች ያለው ወርቃማ ጥርስ 240 ነው፣ የዲዲአር 4 ደግሞ 288፤ መሀል ላይ ያለችው ክፍተት ቦታዋ የተቀየረው ሆን ተብሎ ነው፣ ሰው በስህተት እንዳይሰካው። ቢሆንም አልገባ ሲል በጉልበት የሚጫን አይጠፋም። ያኔ ራሙ ብቻ ሳይሆን መሰኪያውም ይሰነጠቃል። ዲዲአር 5ም ጥርሱ እንደ ዲዲአር 4 288 ነው፣ ግን እሱም ክፍተቱ ሌላ ስለሆነ አንዱ የሌላው ቦታ አይገባም።

የራሙ ዓይነት ቢገጥምም ቦርዱ ስንት ይሸከማል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ይሄን ከሚወስኑት አንዱ ቺፕሴቱ፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ያሉትን ክፍሎች የሚያገናኘው ቺፕ፣ ነው። ለምሳሌ ኤች 81 ቺፕሴት ያለው ቦርድ የራም ቦታው ሁለት ብቻ ነው፣ ጣሪያውም 16 ጂቢ። የዚያው ዘመን ቢ 85 እስከ አራት የራም ቦታና 32 ጂቢ ድረስ ይቀበላል። ሁለቱም ያንኑ አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይይዛሉ። አንድ መሥሪያ ቤት ሃምሳ ኮምፒውተር በጨረታ ሲገዛ «8 ጂቢ ራም፣ ወደፊት የሚጨመር» ብሎ ቢጽፍ እስከ ስንት እንደሚጨመር ካልጻፈ ነጋዴው ርካሹን ቢያመጣ ምን ይባላል? ሕጋዊ ነው።

ሶኬትም ቁጥሩ ስለተመሳሰለ ብቻ አይታመንም። ኤልጂኤ 1151 የሚለው ስም ለስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድም፣ ለስምንተኛና ዘጠነኛ ትውልድም አገልግሏል። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ስምንተኛው ግን በስድስተኛው ቦርድ ላይ አይሠራም። የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ ኩባንያ ኤኤም 4 ሶኬት በዚህ በኩል የተሻለ ነው። ከ2016 ጀምሮ ብዙ ዓመት ቆይቷል፤ ባዮሱን (ቦርዱ ላይ ያለውን የማስነሻ ሶፍትዌር) አፕዴት አድርጎ አዲስ ፕሮሰሰር መቀበል የሚችል ቦርድ ብዙ ነው። የእሱ ችግር ሌላ ነው። እግሮቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ስለሆነ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ፋን መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፓስታ ደርቆ ከተጣበቀ ፋኑን ስታነሳው ፕሮሰሰሩ አብሮ ተነቅሎ ይመጣል። ኮምፒውተሩን ትንሽ አስነስቶ ማሞቅ፣ ከዚያ አጥፍቶ ፋኑን ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ ነው መፍትሔው። ኤልጂኤው ግን እግሮቹ ቦርዱ ላይ ናቸው፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ። ጣት ከነካቸው ይጣመማሉ። በማጉያ መነጽርና በመርፌ ያቃናሁት አለ፣ አልሆን ብሎኝ የተውኩትም አለ።

የቦርዱን መጠን በአጭሩ ልበል። ኤቲኤክስ የሚባለው ልክ በ1995 ኢንቴል ያወጣው ነው፣ 305 በ244 ሚሊ ሜትር። ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244 ነው፣ እዚህ ቢሮ ለቢሮ የሚታየው ትልቁ ኬዝ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያለው እሱ ነው። ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170፣ አንድ የካርድ መሰኪያ ብቻ ያለው። እነዚህ ከሆኑ ኬዙም ፓወር ሰፕላዩም ገበያ ላይ ይገኛል። ጭንቅ ያለው ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለቢሮ ብለው የሚሠሯቸው ቀጫጭኖቹ ላይ ነው። የቦርዱ ቅርጽ የራሳቸው፣ ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ የራሳቸው። አንዳንዶቹማ የተለመደውን ባለ 24 ፒን የኃይል መሰኪያ ትተው ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን የራሳቸውን ያደርጋሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓወር ሰፕላዩ ከተመታ፣ በነጋታው ከሱቅ የሚገዛው አይገጥምም። ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

አሁን ደግሞ የሙያ ባልደረቦቼ እንዳይቀየሙኝ እንጂ፣ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» የምትለዋን ነገር እንተዋት። ኮምፒውተር አልበራ ባለ ቁጥር እሷው ናት መልሱ። ባለቤቱም ምን ያድርግ፣ አንገቱን ደፍቶ አዲስ ይገዛል። ምኑ ነው የተቃጠለው? ተብሎ መጠየቅ አለበት። ካፓሲተር (ቦርዱ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ቆርቆሮ የሚመስል ዕቃ) ካበጠ በዓይን ይታያል፣ ጠፍጣፋ መሆን የነበረበት አናቱ ጉብ ይላል፣ አንዳንዴም ቡናማ ነገር ያወጣል። በተለይ በፈረንጆች 2000ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ የተሠሩ ቦርዶች ላይ ጥራቱ የወረደ ካፓሲተር በብዛት ገብቶ ነበር። ማይክሮ ፋራዱ (የማጠራቀም አቅሙ) እኩል የሆነ፣ ቮልቱ ያላነሰ ሌላ ፈልጎ መበየድ ነው፣ ሙሉ ቦርድ አያስጥልም። አንዳንዴ ደግሞ የራሙ ጥርስ ቆሽሾ ነው። በላጲስ ጠርገህ መልሰህ ስትሰካው ይነሳል። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ቀኑና ሰዓቱ ከብዙ ዓመት በፊት እያለ፣ ኢንተርኔቱም «ግንኙነቱ ደህንነቱ የተጠበቀ አይደለም» እያለ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ያቺ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ሲአር 2032 ባትሪ ሞታ ነው። በዚህች ባትሪ ምክንያት ማዘርቦርድ እንዲቀይር የተነገረው ደንበኛ መጥቶብኝ ያውቃል። ይሄ ጥገና አይደለም፣ ሌላ ስም አለው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለእናንተም፣ ለአስተዋዋቂዎችም ነው። ማስታወቂያው ላይ አንድ መስመር ይጨመር። የቦርዱ ሞዴል፣ የሶኬቱ ዓይነት፣ የራሙ ዓይነትና የቦታው ብዛት፣ ኤም 2 የሚባለው የፈጣን ዲስክ መሰኪያ ይኑረው አይኑረው። ሻጩ አላውቀውም ካለ ዊንዶውስ ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብሎ ይክፈት፣ ቤዝቦርድ ከሚለው ጎን አብዛኛውን ጊዜ ስሙ አለ። ጨረታ የሚያወጡ መሥሪያ ቤቶችም ይህንኑ ዝርዝራቸው ውስጥ ያስገቡ። ዕቃ የሚረከበው ኮሚቴ ደግሞ ወረቀቱን ብቻ አይቶ አይፈርም፣ አንዱን ኬዝ ያስከፍት። ከኋላ ያሉት ብሎኖች ተፈትተው ጎኑ ሲነሳ ሞዴሉ ቦርዱ ላይ ታትሞ ይታያል፣ ብዙውን ጊዜ በካርድ መሰኪያዎቹ መካከል ወይም ራሙ አጠገብ። ዋስትናው ይበላሻል ብሎ ሻጩ ከተቃወመ፣ መፍቻውን ለእሱ ስጡትና ራሱ ይክፈተው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ