እማዬ፣ መስኮቱን ክፈቺው

ካዛንቺስ፣ ሐምሌ 2012 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማዬ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ዕቃውን ይዞ የሚመጣው ልጅ በሩ ላይ አስቀምጦ እንዲመለስ ነግሬዋለሁና ቡና ጠጣ ብለሽ እንዳትይዢው። «ደጄ ድረስ የመጣ ሰው እንዴት ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ይመለሳል» እንደምትይ አውቃለሁ። ለዛሬ ይመለስ።

የምጽፍልሽ በስልክ መግባባት ስላቃተን ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር አንቺም አትሰሚኝ፣ እኔም አልሰማሽ። ነገራችን ያው መስኮቱ ነው። ብርድ ይመታኛል ብለሽ ከሰኔ ጀምሮ ጥርቅም አድርገሽ ዘግተሽዋል። እዚህ ከተማ ታክሲ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ሰው እንደ ጠላት ስለሚታይ አልፈርድብሽም። ግን ኮሮናን የሚያመጣው ብርድ አይደለም፤ በሽታው የሚመጣው ከሰው ትንፋሽ ነው። ዕጣን ሲጨስ በሩ ከተዘጋ ጭሱ ጣራው ሥር ተጠራቅሞ እንደሚቆይ ታውቂያለሽ። የታመመ ሰው ትንፋሽም በተዘጋ ቤት እንደዚያው ይጠራቀማል፣ ስለማይታይ ነው የምንዘናጋው።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው፤ ጠዋት ላይ ገለጥ ይላል። ስለዚህ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የመንገዱን መስኮትና የጓሮውን በር አንድ ላይ ክፈቺ። አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አንዱን ብቻ ገርበብ አድርጎ ከመዋል ሁለቱን ፊት ለፊት ከፍቶ ቶሎ መዝጋት ይሻላል፤ አየሩ መግቢያና መውጫ ካላገኘ ባለበት ይዞራል። ነፋሱ በየት በኩል እንደሚያልፍ ለማወቅ ከነጠላሽ ጥለት አንድ ክር መዘሽ በጣትሽ አንጠልጥለሽ ቤቱ መሀል ቁሚ። ክሩ ወደሚያዘነብልበት አቅጣጫ ነው ነፋሱ የሚሄደው። ወንበርሽን ከዚያ መስመር አውጪው። ጋቢሽን ደርበሽ፣ ሻሽሽን አስረሽ፣ ካልሲ አድርገሽ ከተቀመጥሽ ምንም አትሆኚም። ቤቱ ቀዝቅዞ ይቀራል ብለሽም አትስጊ፤ የጭቃ ግድግዳ ሙቀት ይይዛል፣ በአሥር ደቂቃ የሚለወጠው አየሩ ብቻ ነው። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ዝናቡ ካባራ ድገሚው። ሰው ገብቶ ከተቀመጠ ደግሞ እስኪወጣ ድረስ በሩ አይዘጋ።

የሐምሌን ብርድ ያለ ልክ አግዝፈነዋል። ቀኑ ፀሐይ ስለሌለው ቆፈን ይይዛል እንጂ ሌሊቱ ከኅዳርና ከታኅሣሥ ሌሊት ይሻላል። ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ይይዘዋል። ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል ነው ሌሊቱ የሚናከሰው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ከሰሉ ነው፣ እማዬ። ጭሱ አልቆ ፍሙ ደም ሲመስል «አሁንማ ንጹሕ ነው» ብለሽ ምድጃውን መኝታ ቤት ታስገቢዋለሽ። የሚያታልለው ያኔ ነው። ፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እግር መተሳሰርና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። አንቺ ግን ራስሽን ባመመሽ ቁጥር «ቡና ስላልጠጣሁ ነው» ብለሽ ከሰሉን ትጨምሪበታለሽ! እንዲህ ከተሰማሽ ምድጃውን ለማውጣት አትታገይ፤ በሩን ከፍተሽ አንቺ ውጪ፣ ጎረቤት ጥሪ። ከሰል ከበረንዳው አይለፍ። ለእግርሽ የላስቲክ የሙቅ ውሃ ከረጢት ልኬልሻለሁ። ሁለት ሦስተኛውን ብቻ፣ ከፈላ በኋላ በረድ ባለ ውሃ ሙይው፤ ክዳኑን ሳትገጥሚ በፊት አየሩን ጨምቀሽ አስወጪ፤ በፎጣ ጠቅልለሽ ከብርድ ልብሱ ሥር አድርጊው። ሳይጠቀለል ቆዳ ያቃጥላል።

ኅዳር 12 ቆሻሻ እያቃጠሉ ሰፈሩን ማጠን የተጀመረው በ1911ዱ የኅዳር በሽታ መሆኑን ለእኛ የነገርሽን አንቺ ነሽ። ያኔ ጭስ በሽታ ያባርራል ተብሎ ነው። ይኼኛውን ግን ጭስ አያባርረውም፣ ሳንባ ላይ ሸክም ይጨምራል እንጂ። ባሕር ዛፍ አፍልቶ መታጠኑም ያው ነው፤ አፍንጫ ከፈት ያደርግ ይሆናል፣ በሽታውን አያድንም፤ ድስቱ ከተገለበጠ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ዝንጅብሉን በማር ጠጪው፣ ለጉሮሮ ጥሩ ነው። ፌጦውም እንደ ወትሮው ይበላ፤ ብቻ ፌጦ በልቻለሁ ብለሽ ማስክ እንዳትተዪ።

ማስክ አምስት ነው የላክሁት፣ ሁሉም ባለ ሦስት ድርብ ነው። ነጠላ አፍንጫ ላይ ጣል ማድረግ አይተካውም። ነጠላውን ወደ ብርሃን ዘርግተሽ ብታዪ ከበስተጀርባው ጣትሽ ይታይሻል፤ ጎኑም ክፍት ነው። ከማስኩ በላይ ልበሽው። አምስት ያደረግሁት በዚህ ወር ገመድ ላይ የተሰጣ ነገር ሁለት ቀንም ስለማይደርቅ ነው። እርጥብ ማስክ ትንፋሽ ያፍናል፣ ሥራውንም በደንብ አይሠራም። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቢው፤ ከመጠምዘዝ ይልቅ በደረቅ ፎጣ ጠቅልለሽ ተጫኚው። ከዚያ አንጠልጥለሽ ጠፈፍ ሲል በካውያ ተኩሺው። ካውያው ላስቲኩን እንዳይነካው፣ ይቀልጣል።

በረኪናው ላይ እጅሽ እንዳይከብድ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ ለ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 4 የሻይ ማንኪያ በቂ ነው። ጠንከር ሲል የበለጠ ይገድላል እያሉ ግማሽ በግማሽ የሚበጠብጡት፣ ዓይናቸው እያለቀሰ ሲያስላቸው ይውላሉ። መጀመሪያ የበሩን እጀታ፣ የመብራቱን ማብሪያና ጠረጴዛውን በሳሙና ጥረጊ፤ ቆሻሻ ካለ የበረኪናው ጉልበት እዚያ ላይ ያልቃል። ከዚያ በብጥብጡ አርጥበሽ አሥር ደቂቃ ተዪው። የሚያድር ብጥብጥ አይኑርሽ፤ በየቀኑ አዲስ አድርጊ። ሎሚ ወይም አቼቶ እንዳትቀላቅይበት፣ የሚያፍን መርዝ ይወጣዋል። በሃይላንድ ጠርሙስም አትገልብጪው፤ አንድ የጠማው ልጅ ውሃ መስሎት ያነሳዋል።

ለእጅ ግን ሳሙና ነው። ጣትሽ መሀልና ጥፍርሽ ሥር እስኪደርስ 20 ሴኮንድ፣ ዝግ ብለሽ የምትደግሚው አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይሞላዋል። አረቄ በእጅ ማሸት ምንም አይጠቅምም፤ የእጅ ማጽጃ አልኮል 70 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት፣ አረቄ እዚያ አይደርስም። የላክሁትን ሳኒታይዘር ከተቀባሽ ደግሞ እጅሽ እስኪደርቅ ወደ ምድጃው አትጠጊ፣ እሳት ይይዛል።

ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ የመጣ ቀን መጀመሪያ የመጠጡን ጀሪካን ሙዪ። የመጠጡ ይፍላ፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ቆጥሪለት። የጣራውን ውሃ ከአሸንዳው ስትጠልፊ የመጀመሪያውን አትቀበዪ፤ አቧራውንና የወፍ ኩሱን አጥቦ ነው የሚወርደው። እሱም ቢሆን ለወለልና ለልብስ ነው።

አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ከተዛወረ ወዲህ የዚያ ሜዳ ጭቃ ለእግርሽም አይሆንም፤ የሚጎድልሽን በስልክ ንገሪኝ። ሽንኩርቱን ከፌስታሉ አውጥተሽ ጋዜጣ ላይ በትኚው፤ ፌስታል ውስጥ አልቦት በሳምንት ይበሰብሳል። በርበሬና ሽሮ ውስጥ እርጥብ ማንኪያ ከገባ ይሻግታል። ሊጡም በዚህ ብርድ ዘግይቶ ነው የሚቦካው፤ አልነሳም ብለሽ ቀን ሳይሞላ እንዳትጋግሪው።

ከጎረቤቶችሽ ቡና አልለይሽም። በረንዳው ላይ ይሁን፣ በርጩማዎቹ መሀል ሁለት ሜትር ይኑር፣ ሲኒው በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። ሰላምታውም እጅ ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ነው፤ ድሮም ጨዋ ሰው እንዲያ ነበር የሚያደርገው።

የግፊት መድኃኒትሽ ለሁለት ወር የሚበቃ ነው። ደህና ነኝ ብለሽ አታቋርጪው፤ ደህና የሆንሽው እሱን ስለምትውጪ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው በዚህ በሽታ ሲያዝ ትኩሳት ላይኖረው ይችላልና ትኩሳት የለኝም ብለሽ አትዘናጊ። ከወንበር ተነስተሽ በሩ ድረስ ስትሄጂ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከተጫነሽ ወይም ምግብ ካስጠላሽ ሌሊትም ቢሆን ደውዪልኝ። 8335 የኮሮና ነጻ የስልክ መስመር ነው፤ ቁጥሩን በትልቁ ጽፌ ከመድኃኒቱ ጋር አድርጌዋለሁ፣ ግድግዳው ላይ ለጥፊው።

ባዶውን ጀሪካን በሩ ላይ አስቀምጪልኝ፣ ልጁ ይወስደዋል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቆርቆሮው ሳይጀምር፣ እደውላለሁ። የመንገዱ ድምፅ በስልኩ ከገባ መስኮቱ ክፍት መሆኑን ሳልጠይቅሽ አውቃለሁ።

ልጅሽ