የእህቴ ልጅ የሞተው መጠጥ ባቆመ በሦስተኛው ቀን ነው

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ወጣቶችና ስለ ሱስ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ከመጠጥ ለመላቀቅ ዋናው ነገር ቆራጥ ውሳኔ እንደሆነ ተገልጿል። የጸሐፊውን ቅንነት አልጠራጠርም። ይሁንና የእህቴ ልጅ ቆርጦ ወስኖ ነበር፤ የሞተውም ውሳኔውን ባከበረ በሦስተኛው ቀን፣ በ27 ዓመቱ ነው።

ልጁ ፌሮ ሠራተኛ ነበር። የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲገነባ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ሽቦ በማቀበል ጀምሮ፣ ኋላ ከእሱ የሚበልጡትን የሚያሠራ ባለሙያ ሆነ። የዓምድ ብረት ሲያስር ቆሞ ያየው ሰው ሁሉ እጁን ያደንቅ ነበር። የአሥራ አምስት ቀን ሒሳብ በተከፈለ ቁጥር ከጓደኞቹ ጋር ከሰዓት በኋላ ጫት ይቅማሉ፤ ሲመሽ ምርቃናውን ለመስበር ለጨብሲ፣ አረቄ ለመጠጣት፣ ይወጣሉ። ጫቱን በኋላ ተወው። አረቄው ግን ከማታ ወደ ጠዋት ተሻገረ።

ጠዋት እናቱ የምትቀዳለትን ሻይ ማንሳት አይችልም ነበር። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ደግፎ፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ይጎነጫል። ከዚያ ወጥቶ ከብሎኩ ጀርባ ካለችው አረቄ ቤት አንድ መለኪያ ሲደግምበት፣ ያ ሲንቀጠቀጥ የነበረ እጅ ጉጠቱን ይዞ ሽቦውን ሁለት ዙር ጠምዝዞ ይቆርጣል። እኛም ይህን እያየን ‹‹ሀራራ ነው›› እንል ነበር እንጂ፣ ሰውነቱ ያለ አልኮል መቆም እንዳቃተው የሚናገር ምልክት መሆኑን አልተረዳንም። (በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መሸጥንም ከልክሏል። በዚያች አረቄ ቤት ዕድሜ ሲጠየቅ አይቼ አላውቅም፤ አረቄም ድሮውኑ ማስታወቂያ ፈልጎ አያውቅም።)

ባለፈው ፍልሰታ ‹‹ከእንግዲህ አልቀምሳትም›› ብሎ ከእናቱ ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ጠበል ሄደ። እኔም መርቄ ሸኘሁት። በመጀመሪያው ቀን ላብ አጠመቀው፤ የበላውም አልረጋለት አለ። ሌሊቱን ዓይኑን ሳይከድን አነጋ። በሁለተኛው ቀን ምሽት እናቱን አላወቃትም። ሰሌን ላይ ተቀምጦ በባዶ አየር ላይ ሽቦ ማሰር ጀመረ፤ ጣቶቹ ይጠመዝዛሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ወደሚቀጥለው ብረት ያልፋሉ፤ በየመሃሉም ‹‹አቀብለኝ እንጂ›› እያለ በሌለ ሰው ላይ ይቆጣል። በዙሪያው የነበሩት መንፈሱ ሊለቀው እየታገለ ነው ብለው እናቱን አጽናኑ። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ አንዘፈዘፈው። በባጃጅ ያደረሱት ጤና ተቋም ወደ ሆስፒታል ላከው፤ መንገድ ላይ ዳግመኛ አንዘፈዘፈውና ከዚያ በኋላ አልነቃም።

የሆነውን የነገረን የሆስፒታሉ ሐኪም ነው። ለዓመታት በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው አንጎል የአልኮሉን ማደንዘዝ ለመቋቋም ራሱን ያነቃል፤ መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ያ መነቃቃት ልጓም ያጣል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ላቡ፣ መቃዠቱ፣ መንዘፍዘፉም የሚመጣው ከዚህ ነው፤ አደጋው የሚበረታውም በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት ውስጥ ነው። ሕክምናው ደግሞ ብርቅ አይደለም፤ በባለሙያ ክትትል መጠኑ በየቀኑ እየተቀነሰ የሚሰጥ ዲያዜፓም፣ ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1፣ ፈሳሽና የሚጠብቅ ሰው። ዲያዜፓም ርካሽና የቆየ መድኃኒት ነው፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ ግን አይደለም፤ ከአረቄ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ራሱ ይገድላል። ይህን እያንገበገበኝ ሰማሁት።

ጠበሉን እየወቀስኩ አይደለም፤ እኔም የምጠመቅ ሰው ነኝ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጠበልን ጎን ለጎን መውሰድ እንደማይጋጭ በይፋ አስተምረው ነበር፤ በዚያም መድኃኒቱን ጥለው ወደ እንጦጦ ይወጡ የነበሩ ብዙዎች ልባቸው አረፈ። በመጠጥ ጉዳይ ግን እስካሁን እንዲህ ያለ ቃል ከመድረክ ሲነገር አልሰማሁም። በየጠበሉ ያሉ አባቶች ለመጣው ሁሉ ‹‹በየቀኑ ትጠጣ ነበር? ጠዋት እጅህ ይንቀጠቀጣል?›› ብለው ቢጠይቁና መልሱ አዎ የሆነውን አስቀድመው ወደ ሐኪም ቢልኩት፣ ጠበሉ ከክብሩ የሚጎድልበት ነገር አይታየኝም። ከእኛ ሰፈር የአእምሮ ሕክምና እስከሚሰጠው አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፤ ስለዚህ መጠጥ ለማቆም የሚረዳው ሕክምና በየጤና ጣቢያው ሊኖር ይገባል። የእናንተም ጋዜጣ ‹‹አቁሙ›› ብሎ ሲጽፍ፣ እንዴት እንደሚቆም በዚያው ገጽ ላይ ይጻፍልን።

በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። ‹‹ባደረበት ድንገተኛ ሕመም›› ብዬ አለፍኩት፤ ለቀስተኛውም ሁሉ ያውቅ ነበርና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። በድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጡት መካከል እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ነበሩ፤ ለእነሱም ምንም ሳልላቸው ሠልስቱ ወጣ።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእህቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችና ‹‹ስሙን ተወው፤ አረቄውን ግን እንዳትሰርዘው›› አለችኝ።

አንባቢያችሁ፤
ከቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ